ጥሬ ዓሣ፣ አባ ኮዳና መውጫ የሌለው ሐይቅ

ቅዳሜና እሁድን ሐዋሳ አሳልፎ አሞራ ገደልን ሳይረግጥ የሚመለስ የአዲስ አበባ ወጣት ካለ፣ ወይ ለለቅሶ ሄዶ ነበር ወይ ታሞ ተኝቷል። 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ማታውን ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር አምሽቶ፣ በነጋታው ዓሣ ገበያው መገኘት እንደ ደንብ ተይዟል። አይፈረድም! ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ዓሣው እየተንፈራገጠ ሲራገፍ፣ ልጆቹ ቆዳውን በቅጽበት ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩት ቆሞ የማያይ የለም። ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ሾርባ፣ ወይም ብዙዎች ለጉራ የሚያዙት ጥሬው ከዳጣ ጋር።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጣዕሙ አይደለም። እዚያ ቦታ ማን ማንን እንደሚበላ ነው።

መጀመሪያ አባ ኮዳን ተመልከቱት። ራሰ በራ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ካፖርት የደረበ ጡረተኛ ዳኛ የሚመስል ወፍ ነው። እግሩ ነጭ ሆኖ ከታያችሁ ቀለሙ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቀት ሲበዛበት ለማብረድ ብሎ የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ይለቀዋል። (አጠገቡ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ ይሄን አስቡ።) ልጆቹ የሚጥሉትን ሆድ ዕቃና ጭንቅላት ጠራርጎ የሚውጠው እሱ ነው። ደመወዝ የማይከፈለው የጽዳት ሠራተኛ በሉት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አባ ኮዳ አይመርጥም። የዓሣ ደም የነካው ፌስታልም ለእሱ ዓሣ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ከ20 ሜትር ብዙ አያልፍም። ዋናው ገባሪው ጥቁር ውሃ ወንዝ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ገቢ አለ፣ ወጪ የለም እንደ ማለት ነው! ውሃው ይተንናል፣ ወይም ወደ ምድር ሰርጎ ይሄዳል። ከጎርፍ፣ ከሽንት ቤት፣ ከሆቴል፣ ከፋብሪካና ከማሳ ይዞት የመጣው ግን አብሮት አይተንም። ደለሉ ውስጥ ይተኛል፣ ወይም አንድ የሆነ ነገር ይበላዋል።

ማን ይበላዋል? ከሰው ዓይነ ምድር፣ ከሳሙናና ከማዳበሪያ የሚመጣው ንጥረ ነገር ለአልጌ ድግስ ነው። አልጌውን ቆሮሶ ይበላዋል። ትንንሾቹን ዓሦች ደግሞ አምባዛና ትልልቁ ቢልጫ ይውጧቸዋል። ከላይ ከዓሣ በሉ ንስር ጎን ሹካ ይዘን የተቀመጥነው እኛ ነን። ድግሱ ልክ ሲኖረው ሁሉም ይጠግባል። ልኩን ሲያልፍ ግን አልጌው ውሃውን ይሸፍነዋል፣ ሲሞትና ሲበሰብስም ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

ቢልጫን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የታተሙ ጥናቶች በዚህ ሐይቅ ቢልጫ ውስጥ ሜርኩሪ አግኝተዋል፤ ያ በድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው መርዛማ ብረት ነው። የሚገርመው ልዩነቱ ነው። ነፍሳትና ቀንድ አውጣ ለቃቅሞ በሚያድረው ቢልጫ ውስጥ የነበረው ትንሽ ነው። ሌላ ዓሣ እያደነ በሚበላው ውስጥ ግን መጠኑ እጅግ ይጨምራል፤ ትንሹ በሰውነቱ ያጠራቀመውን ትልቁ በአንድ ጉርሻ ይወርሰዋላ! ቆሮሶ ከታች ከአልጌው ስለሚመገብ ውርሱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ትልቁን ቢልጫ ትታችሁ ቆሮሶውን እዘዙ።

እሺ፣ መዋኘትስ? እዚህ ላይ ትንሽ የሚቀፍ ነገር ልናገር ነው፤ እየበላችሁ የምታነቡ ጋዜጣውን አጠፍ አድርጉት። ቢልሃርዝያ የያዘው አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ይጸዳዳል እንበል። ዝናብ ይመጣና ይዞት ይገባል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ደንገሉና ፊላው መሀል የምትኖረዋን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኛት ግን ውስጧ ገብቶ በሺህ ይባዛል፤ ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማትታይ እጭ ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው፤ ማለትም እኛ «ውሃው ሞቀ፣ እንግባ» የምንልበት ሰዓት። ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያ ጉበትና አንጀት ነው መድረሻው። ይሄ በሽታ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሣር የበዛበት ዳርቻ ላይ እግር መንከርም ቢሆን ይቅርባችሁ፤ ሐይቁን ከጀልባ ላይ እዩት።

ወደ ጥሬው ዓሣ ስንመለስ፣ ዓሣ አራጁን ብትጠይቁት «ወንድሜ፣ እኔ ከልጅነቴ ስበላው ነው የኖርኩት» ማለቱ አይቀርም። ይሆናል። ግን ዓሣ ከሚበሉት ወፎች ኩስ ጋር ውሃ ውስጥ የሚገባ ትል አለ፤ ዓሣው ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ወፏ እስክትውጠው ይጠብቃል። እናንተ ቀድማችሁ ከዋጣችሁት የወፏን ቦታ ያዛችሁ ማለት ነው። ዳጣ አይገድለውም፣ ሎሚም አይገድለውም፣ ከላዩ የሚጠጣው ቢራማ ጭራሽ! የሚገድለው እሳት ነው። ጉላሹ ምን ጎደለው?

ፋብሪካዎችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሲበድሉም ሊወቀሱ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ ጥሩ ነው። ግን ሐይቁ ዳር የተወረወረውን ሃይላንድና የሲጋራ ቁራጭ ፋብሪካ አልጣለውም። የጣለው እንደኔና እንደናንተ ለሁለት ቀን የመጣ እንግዳ ነው። ያ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው እየተሰባበረ ይደቃል እንጂ አይጠፋም፤ ደቆ ደቆ ዓሣ አፍ ውስጥ የሚገባበት ቀን ይመጣል። ይዛችሁት የመጣችሁትን ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ መመለስ ያን ያህል አይከብድም፤ ሲመጣ ሙሉ ነበር እኮ!

እና አንድ ነገር፤ ዋኝታችሁ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ለሰገራ ምርመራ አትሩጡ። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከወር በላይ ስለሚወስድ ቶሎ ብትመረመሩ «ነጻ ነህ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ሁለት ወር ገደማ ጠብቁና ሂዱ፤ ሐይቅ ውስጥ መግባታችሁንም ለሐኪሙ ራሳችሁ ንገሩት። በመሀል ትኩሳት፣ ሳል ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ። መድኃኒት አለው፣ በክኒን የሚዋጥ ነው።