ትንፋሹ ከደረሰህ ቀርበኸዋል!

አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካልሄዳችሁ ብዙ ነገር አምልጧችኋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ሴቻ ከሚባለው የላይኛው ሰፈር ስትቆሙ ሁለት ሐይቆች ከሥራችሁ ተዘርግተው ይታያሉ። ቀላ ያለው አባያ፣ ሌላው ጫሞ ነው። በመካከላቸው ያለውን ተራራማ መሬት ሰዉ "የእግዜር ድልድይ" ይለዋል። አየሩ ሞቅ ያለ፣ ሙዙ በየመንገዱ፣ ዓሣው ትኩስ! አዳዲስ ሙሽሮች ጫጉላቸውን እዚያ ለማሳለፍ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ትንፋሽ ነው። "ደግሞ የምን ትንፋሽ?" እንዳትሉኝ። ቆዩኝማ!

ጫሞ ላይ በሞተር ጀልባ ወጥተን ነበር። መድረሻችን የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት "የአዞ ገበያ" ነው። ስሙን ሰምታችሁ ሻጭና ገዢ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ገበያተኞቹ አዞዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዳር ዳሩን አፋቸውን በርግደው ይጋደማሉ። የሚከፍቱትም ለቁጣ ሳይሆን ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ ነው።

አብረውን ከተሳፈሩት መካከል ከተጋቡ ሳምንት ያልሞላቸው ሙሽሮች ነበሩ። ጉማሬዎቹ ከሩቅ እንደታዩ ሙሽራው ካሜራውን ይዞ ተነሳና "ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልንማ! ገንዘቡን እኔ እጨምራለሁ" አለ። ፀጉራቸው ገብስማ የሆነው ጀልባ ነጂ "ልጄ፣ እዚሁ ሆነህ ይታይሃል" ብለው እምቢ አሉ። እሱ ግን መቶ ብር፣ ሁለት መቶ ብር እያለ ያስቸግራል። ሚስቱ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አላያትም።

ድንገት "ፉፍፍፍ!" አንድ ጉማሬ ከጀልባችን አጠገብ ብቅ ብሎ ሲተነፍስ ፍንጣቂው ፊታችን ላይ አረፈ። ከዚያ አፉን በሰፊው ከፈተ። ሙሽራው "አዛጋ እኮ!" ብሎ ሊስቅ ሲል ጀልባ ነጂው ሞተሩን አስነስተው ይዘውን በረሩ። ራቅ ካልን በኋላ ነው የተናገሩት። "የጉማሬ ማዛጋት እንቅልፍ አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። ትንፋሹ ከደረሰህ ቀርበኸዋል ማለት ነው፣ ልጄ።"

ይቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለምን መሰላችሁ? በሌላው ዓለም ያንኑ "ፉፍፍፍ" ፍለጋ ባሕር የሚወጡ ተመራማሪዎች አሉ! የሚከታተሉትም የጉማሬን ዘመድ ነው። ማንን? ዓሣ ነባሪን! ስሙ ዓሣ ቢባልም ግልገሉን የሚያጠባ፣ በሳንባ የሚተነፍስ እንስሳ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ መሆኑን የዘር ጥናት አሳይቷል። የተለያዩት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

ድሮ ስለ ዓሣ ነባሪ አካል ብዙው ነገር የታወቀው ከተገደሉት ነበር። ኋላ ደግሞ በሕይወት ያለውን ከሩቅ ወግቶ የቆዳ ቁራጭ መውሰድ መጣ። ባሕር ላይ አስቁሞ ደም መቅዳትማ ማን ችሎት! ታዲያ ለመተንፈስ ብቅ ሲል ከአናቱ ቀዳዳ የሚወጣው ጉም ውኃ ብቻ አይደለም። ንፍጥ፣ ሆርሞን፣ ጀርም ሁሉ አለበት። ከዚያ ተነስቶ እንስሳው መጨነቁን፣ እንስቷ ማርገዟን፣ ሳንባ ውስጥ ምን ዓይነት ጀርም እንዳለ ማጥናት ይቻላል።

በ2010 እ.ኤ.አ. ካሪና አሴቬዶ ዋይትሃውስ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በርቀት በምትነዳ ትንሽ ሄሊኮፕተር ላይ የላቦራቶሪ ሳህን አሥረው ይህን ትንፋሽ በመሰብሰባቸው "ኢግ ኖቤል" ተሸለሙ። መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ጥናት የሚሰጥ ሽልማት ነው። ዛሬ ሥራው በድሮን ይሠራል። እንስሳው ሳይነካ፣ ሳይደማ!

ጋሞም ለዚህ የሚቀርብ ታሪክ አለው። በ1990 እ.ኤ.አ. ነጭ ሣር ሜዳ ላይ፣ መንገድ ውስጥ ሞታ ከተገኘች ወፍ አንድ ክንፍ ተወሰደ። በ1995 እ.ኤ.አ. በዚያው ክንፍ ብቻ ሳይንስ የማያውቃት አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። የላቲን ስሟ "ሶላላ" የተባለውም "ክንፍ ብቻ" ለማለት ነው። ለማወቅ የግድ መያዝና ማነቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

እናላችሁ ወጣቶች፣ ጫሞ ስትሄዱ በማለዳ ውጡ፣ ላይፍ ጃኬታችሁን ልበሱ፣ አትነሱ፣ ተቀመጡ። ጀልባ ነጂውን በገንዘብ አትፈትኑት። እዚያ ሐይቅ ላይ እንጀራ ፍለጋ ወጥተው በአዞና በጉማሬ የተጎዱ ዓሣ አስጋሪዎች አሉ። እናንተ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ነው?

ሙሽሮቹስ? ማታ ሲቀላ ዓሣ ጥብስ ቤት አገኘኋቸው። እሱ ፎቶው እንዳልተሳካለት ያወራል። እሷ ዝም ብላ ቆየችና "የጉማሬውን ትንፋሽ ሰማህ። የኔን ግን አልሰማህም" አለችው። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

እኔም ሂሳቤን ከፍዬ ቀስ ብዬ ወጣሁ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጠጋ አይባልም!