በረዶ ለሥራ፣ በረዶ ለጨዋታ

የአሜሪካ ክረምት የሚመጣው አገር ቤት በጋ በሚባልበት ሰሞን ነው። እዚያ የገና ፀሐይ ሲያናጥር እዚህ ኮሎራዶ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ቋንቋችንም ነገሩን ገና አልለመደውም። ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋው በረዶ ነው፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም ያው በረዶ ነው! «አመዳይ» የሚል የቆየ ቃል አለን፤ ግን ዴንቨር ውስጥ «ዛሬ አመዳይ ጣለ» የሚል ሐበሻ እስካሁን አልገጠመንም።

እናላችሁ፣ እኛ አውሮራ የምንኖር ሰዎች በረዶን የምናውቀው በሥራው ነው። በረዶ ማለት ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነስቶ የመኪና መስታወት መፋቅ ነው። በረዶ ማለት እማዬ የሌሊት ተረኛ ስትሆን «ደረስኩ» እስክትል ድረስ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ነው። ለአባዬ ደግሞ በረዶ እንጀራ ነው። አባዬ ሾፌር ነው። ስኪያቸውን ተሸክመው ዴንቨር ኤርፖርት የሚወርዱ መንገደኞችን ወደ ተራራ ያደርሳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አድርሷል። ሻንጣቸውን ያወርድላቸዋል፣ መልካም ጊዜ ይመኝላቸዋል፣ መኪናውን አዙሮ ቀጣዩን ሰው ሊያነሳ ይመለሳል። «አባዬ፣ ተራራው እንዴት ነው?» ስንለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «መንገዱ ጥሩ ነው።»

ነገሩን የቀሰቀሰው ታናሽ ወንድማችን ማሙሽ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፓርኮችን በነጻ የሚያስገባ ፓስ ይሰጣል። ፓሱ ልጁን ብቻ ሳይሆን አብሮት በመኪና ያለውን ቤተሰብ ጭምር ያስገባል። የሚሠራው ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ አራተኛ ክፍል በሚማርበት ዓመት ብቻ ነው። የማሙሽ ዓመት 2026–27 ነው። አምስተኛ ክፍል ገባ ማለት አበቃ። ስለዚህ ያለችን አንዲት ክረምት ናት።

ቤታችን ውስጥ «ጋዜጠኛዋ» የምንባለው እኛ ስለሆንን የማጣራቱ ሥራ ለእኛ ተሰጠ። ዲግሪያችን ከተመረቅን ወዲህ ለቤተሰብ ጥቅም ሲውል ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «የት?» ነበር። ማሙሽ ስኪ ሪዞርት አለ። የክፍሉ ልጆች ሰኞ ሰኞ የሚያወሩት ስለዚያ ነዋ! ዋጋውን አየንና ስልኩን ገልብጠን አስቀመጥነው። በታወቁት ሪዞርቶች በበዓል ሰሞን በቦታው የሚገዛ የአንድ ቀን ትኬት ለአንድ ሰው ከ300 ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል። ለአራት ሰው ስታባዙት የወር የቤት ኪራይ ትዝ ይላችኋል። የስኪውና የጫማው ኪራይ ገና አልተደመረም።

በ1915 የተቋቋመው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ግን ከዴንቨር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እዚያ ሂደን ቫሊ የሚባል ቦታ አለ። ከ1955 እስከ 1991 ድረስ የስኪ ማዕከል ነበር፤ ከዚያ ተዘጋ፤ ሰው ወደ ላይ የሚያወጡት ማሽኖችም ተነሱ። ዛሬ በፓርኩ ውስጥ በስሌድ መንሸራተት የሚፈቀደው እዚያ ብቻ ነው። የራስህን ፕላስቲክ መንሸራተቻ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ዳገቱን በእግርህ ትወጣለህ፣ ተቀምጠህ ትወርዳለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ትኬት የሚቆርጥ የለም። ሲሰማ የሰፈር ጨዋታ ይመስላል፤ የወደድነውም ለዚህ ነው።

በረዶው ካነሰ ደግሞ ቤር ሌክ አለ። ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በክረምትም እየተጠረገ ይከፈታል። እግር በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጫማ ላይ የሚታሰረውን ሰፊ ስኖውሹ ኤስተስ ፓርክ ከተማ ተከራይቶ ሐይቁን መዞር ይቻላል። ፓርኩን የሚያቋርጠውና 3,713 ሜትር ድረስ የሚወጣው ትሬል ሪጅ ሮድ ግን በክረምት ዝግ ነው። ይህን የነገረን አባዬ ነው። የመንገድ ነገር ከሆነ ከእሱ የሚያመልጥ የለም፤ የበረዶ ጎማውንም ቢሆን ለሥራው ሲል ከመኸር ጀምሮ ያስገባል።

ቀጣዩ «ማን?» ነበር፤ እማዬ «እናንተ ሂዱ» አለች። «ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?» እኛም ሮቤል ተክለማርያምን ጠራንባት። በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረ፣ ለአገሩ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒያን ነው፤ በ2010 ቫንኩቨርም ደግሞታል። እማዬ «እሱ ወጣት ነበር» ብላ ዘጋችው።

ያሸነፍናት በከፍታ ነው። እማዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቤር ሌክ ደግሞ 2,880 ገደማ። ኤስተስ ፓርክ ከተማ ራሷ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ትላለች። በፓርኩ ትልቁ ተራራ ሎንግስ ፒክ 4,346 ሜትር ሲሆን ራስ ዳሸን ይበልጠዋል። ይህን ስንነግራት ዝም አለች። ከዚያ ሳንጠይቃት የታኅሣሥን ውርጭ ማውራት ጀመረች፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ በባዶ እግር ውኃ ሲቀዳ። ለካ ብርዱን ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት! ዘጠኝ ዓመት ዴንቨር፣ በ1,600 ሜትር ላይ ስለኖርን ላይ ስንወጣ ረጋ ማለትና ውኃ ደጋግሞ መጠጣት እንዳለብን ብንነግራትም፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የጉዞው አዛዥ ሆናለች።

አዛዥነቷ የጀመረው በስንቅ ነው። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ። በልብሱ ግን ተከራከርን፤ ጋቢ ይዤ ካልሄድኩ አለች። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ አንዴ ከረጠበ ሙቀት አይይዝም፤ በረዶ ላይ ሲሆን ጭራሽ ያበርዳል። ከሥር መልበስ የሚሻለው ሱፍ ነው። ይህን ስንል እሷው «የመንዝ ሰው ባናና በርኖስ የሚሠራው ከበግ ፀጉር አይደል እንዴ» ብላ ክርክሩን ራሷ ጨረሰችው። ጋቢው መኪና ውስጥ ይቆያል፤ ሲመለሱ ይደረባል።

የከበደው «መቼ?» ነው። አራታችንም አንድ ላይ እረፍት የምንሆንበት ቀን በዓመት ውስጥ በጣት ይቆጠራል። ማሙሽ ትምህርት የማይኖረው በፌዴራል በዓላት ሰኞ ነው። በ2026 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በጥምቀት ዕለት ዋለ፤ የፕሬዚዳንቶች ቀን ደግሞ ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ። እማዬም ካህኑም የማይስማሙበት ጉዞ ደግሞ ጉዞ አይደለም። በ2027ም የመጀመሪያው በዓል ከተራ ላይ ነው የሚውለው። የቀረን የፕሬዚዳንቶች ቀን ነው፤ ፌብሩዋሪ 15፣ የካቲት 8። ነነዌ ሊገባ አንድ ሳምንት ይቀረዋል። ጾም የለም፣ ትምህርት የለም፣ እማዬም ተረኛነቷን ትቀይራለች።

ግን ያ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ተራራው በሰው የሚጥለቀለቅበት፣ ለአባዬም የዓመቱ ጥሩ ገበያ የሆነበት ሰሞን ነው። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። እኛ የትኬቱን፣ የነዳጁን፣ የስኖውሹን ኪራይ ስንደምር ቆይተናል፤ ትልቁ ወጪ ግን ወረቀቱ ላይ የለም፤ አባዬ የማይሠራበት ቀን ነው። «ፓርኩ ነጻ ነው» ስንል የከረምነው ለእሱ ነጻ አልነበረም።

እዚህ አገር የመጣነው ለሥራ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ሥራው ለልጆቹ ነው ሲባል፣ ልጆቹ አባታቸውን የሚያስታውሱት በር ላይ የመኪና ቁልፍ ይዞ ብቻ እንዳይሆን እንፈራለን። ማሙሽ ከጓደኞቹ እኩል ስኪ ባይችል ግድ የለንም። አባቱ ስሌድ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ ግን ቢያይ ደስ ይለናል።

አባዬ ወረቀቱን አየው፣ ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተለ፣ ዝም አለ። በመጨረሻ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ሰዓት ነው የምንቆየው?» እንግዲህ ሰው አድርሶ ወዲያው መመለስ የለመደ ሰው አይደል? ማሙሽ እስክሪብቶውን አነሳና «መመለሻ» ከሚለው ጎን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ባልተስተካከለ ጽሑፉ ሞላው፦ «አባዬ ሲበቃው»።