በከሰል የተሣለች እናት

በበርሊን ከተማ፥ የቆዩ የወረቀት ሥዕሎች በሚጠበቁበት ቤተ መዘክር፥ ቁመቱ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል የኾነ አንድ ሥዕል አለ። በከሰል የተሣለችው አንዲት አሮጊት ናት። ግንባሯ ተጨማዷል፤ ጕንጮቿ ጐድጕደዋል፤ የአንገቷም ጅማት እንደ ገመድ ተወጥሮ ይታያል፤ ዓይኖቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይመለከታሉ እንጂ አይገጥሙም። ማን እንደ ኾነች የማያውቅ ሰው ቢያያት፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጣ ምጽዋት የምትለምን ድኻ ናት ብሎ ይፈርዳል። ከንፈሮቿ ግጥም ማለታቸውንም አይቶ፥ ቂመኛ ሳትኾን አትቀርም ይላል።

ሴቲቱ ግን ባርባራ የምትባል፥ የኑርንበርግ ወርቅ አንጥረኛ ሚስት የነበረች፥ የስመ ጥሩው ሠዓሊ የአልብሬክት ዱረር እናት ናት። ሥዕሉንም የሣለው ልጇ ነው፤ እርሱም በዚያ ወራት ለንጉሠ ነገሥቱ ለማክሲሚልያን ይሠራ ነበር። የወርቅ አንጥረኛ ሚስት ስትኾን በሥዕሉ ላይ አንድ ጌጥ እንኳ አይታይባትም፤ ራሷን የሸፈነችበት ሻሽ ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ተመልካቹ ፈጽሞ ተሳስቷልን? ዱረር በጻፈው የቤተ ሰብ ማስታወሻ እንደሚነበበው፥ አባቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1502 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ለእናቱ የቀራት ነገር አልነበረም፤ በሁለተኛው ዓመት ወደ ቤቱ ወስዶ ጦራት። ድኽነትንም፥ የሰውንም ንቀትና ፌዝ ቀምሳለች። 18 ልጆች ወልዳ፥ አድገው ለቁም ነገር የበቁት ሦስት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ስለ ድኽነቷ የፈረደው እኩሌታው እውነት ነው።

ስለ ጠባይዋ የፈረደው ግን አንዱም እውነት አይደለም። ልጇ እንደ መሰከረው፥ ያን ሁሉ መከራ ተቀብላ ቂም የማትይዝ፥ ቤተ ክርስቲያን መሳም የማታስታጕል፥ ለሰው ሁሉ የምትራራ፥ እርሱንም ሲያጠፋ የምትገሥጸው ሴት ነበረች። ያ የከንፈር መግጠም የቂም ሳይኾን የሕመም ሊኾን ይችላል። በ1513 ዓ.ም. አንድ ማለዳ በድንገት ጠንቶባት፥ ተነሥታ መክፈት ስላልቻለች የእልፍኟን በር ሰብረው ገብተዋል፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ታማለች። ሥዕሉ የተሣለው በዚሁ ሕመም ውስጥ ሳለች፥ በ1514 ዓ.ም. በምዕራባውያን ዐቢይ ጾም ሦስተኛ እሑድ፥ በ63 ዓመቷ ነው። ልጅ ከእናቱ ፊት አንዲት መሥመር እንኳ ሳያለዝብ መሣሉ ለአንዳንዱ ጭካኔ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ አድርጎ የሚያይ ብዙ ጊዜ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቈይቶ ዐረፈች። ዱረርም ያን ወረቀት አውጥቶ፥ በከሰሉ ጽሕፈት አጠገብ የሞተችበትን ቀንና ሰዓት በቀለም ጨመረበት። በማስታወሻውም፥ በሕይወት ከነበረችበት ጊዜ ይልቅ ከሞተች በኋላ ፊቷ ያማረ ኾኖ እንደ ታየው ጻፈ። ያን ፊት ግን በቃል ብቻ ተወው።