«እንመለስ» ለማለት

ስለ ፈረንጅ አገር የክረምት ባሕር ሲወራ ሰው ቀድሞ የሚፈራው ብርዱን ነው። ልክ ነው፣ ያስፈራል። ከብርዱ ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ጠላት ግን አለ፤ ይሉኝታ።

ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ የሚመስለው ካለ የእነዚህን አምስት ጓደኛሞች ነገር ይስማ። ማንቸስተር ነው የሚኖሩት። በየዓመቱ የፈረንጆች ገና ሊገባ ሲል፣ ከተማው በገበያተኛ ሲጨናነቅ፣ ካያካቸውን መኪና ጣሪያ ላይ አስረው ዌልስ ውስጥ አንግልሲ ወደምትባለው ደሴት ይነዳሉ። ከአምስቱ አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ነው። የእሱ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ የነቢያትን ጾም አልፈታም፤ ሌሎቹ ዳቦ በአይብ ሲበሉ እሱ ቆሎ ይቆረጥማል። (ቆሎ ለካያክ የተፈጠረ ምግብ ነው። በአንድ እጅ ይበላል፣ ቀናትም ቢቆይ አይበላሽም።)

ጣና ዳር ያደገ ሰው «ውሃ አውቃለሁ» ቢል አይፈረድበትም። የደንገል ታንኳ እያየ ነው ያደገው፤ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ እንዴት እንደሚናወጥም ያውቃል። ጣና ግን ሄዶ አይመለስም። የአንግልሲ ባሕር በግምት ለስድስት ሰዓት ይሞላል፣ ለስድስት ሰዓት ይሸሻል። ደሴቲቱን ከዋናው ምድር የሚለየው የሜናይ ሰርጥ ላይ ሁለት የታወቁ ድልድዮች አሉ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1826 የተከፈተው የቶማስ ቴልፎርድ፣ ሌላው በ1850 የተከፈተው የሮበርት ስቲቨንሰን። በሁለቱ መካከል ውሃው እንደ ሐምሌ ወንዝ ይጋልባል። ጀማሪ የሚያልፈው አቅጣጫውን ሊቀይር ሲል ለአፍታ ጸጥ በሚልበት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ዕለት ሰዓቷን ጠብቀው አለፉ።

እሁድ አርፍደው ተነሱ። ሳውዝ ስታክ አጠገብ፣ ከ1809 ጀምሮ ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ ያለበት ገደል ጋ ሲደርሱ፣ ውሃው ወደ አንድ፣ ነፋሱ ወደ ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። እንዲህ ሲሆን ማዕበሉ ይቀራረባል፣ እንደ ግድግዳም ቀጥ ብሎ ይቆማል። አምስቱም መመለስ ፈልገው ነበር። አምስቱም ዝም አሉ።

ይህ የታወቀው ማታ ሲነጋገሩ ነው። ነርሷ «ሁልጊዜ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነኝ» ብላ ነው የተወችው። የባሕር ዳሩ ልጅ «አገራቸው ነው፣ እነሱ ያውቁታል» ብሎ። ከሁሉም የበለጠ ልምድ ያለው መሪያቸው ደግሞ ዝምታቸውን አይቶ «ደህና ናቸው ማለት ነው» ብሎ ቀጠለ።

ካያክ ከጀመረ ብዙም ያልቆየው መምህር ተገለበጠ።

በዚያ ወቅት ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ካናዳዊው ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሚወድቅ ሰው ያስቀመጠው ቀላል ስሌት አለ፤ 1-10-1። ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግር የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ፣ ብርዱ ራስን እስኪያስት አንድ ሰዓት። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው በብርድ ከመሞቱ በፊት እጁ ይከዳዋል።

የባሕር ዳሩ ልጅ ቅርብ ነበር። የተገለበጠውን ካያክ አፍንጫ ጎትቶ የራሱ ላይ አስደግፎ ውሃውን አፈሰሰ፣ አቃናው፣ ከራሱ ጋር አጣብቆ ያዘለት። መምህሩ በመጀመሪያው ሙከራ አልቻለም። በሁለተኛው ወጣ። ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ስለነበር ገላው ደረቅ ነው፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ ብለው የመቀመጫውን ሽፋን ሌላ ሰው ገጠመለት። እዚያ በዚያ ሰሞን ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ዳርቻው የደረሱት በድንግዝግዝ ነው።

አሁን ደንብ አላቸው። ከእያንዳንዱ ገደል በፊት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ሰው በአፉ ይናገራል። መጀመሪያ የሚናገረው ልምዱ ከሁሉም ያነሰው ነው። አንድ «አይሆንም» ይበቃል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የባሕር ዳሩን ልጅ ይህ ተራ ከብዶት ነበር። በአገሩ ታላቅ ተናግሮ ነው ታናሽ የሚቀጥለው። ለሽምግልና ደግ ሥርዓት ነው። ባሕር ላይ ግን ታላቅ ከተናገረ በኋላ ለታናሽ የሚቀረው «እንዳሉ» ማለት ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ የመጀመሪያው ገደል ጋ ሳይደርሱ፣ መምህሩ «እንመለስ» አለ። ነፋስ የለም፣ ፀሐይም ወጥታለች። ነርሷ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ካያካቸውን አዙረው ተመለሱ፣ መኪናው አጠገብ ቆመው ሻይ ጠጡ፤ ቆሎውም ለሁሉም ተዳረሰ።