አናውቅም ነበር

ልጄ ነግሮኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አላስታውስም፤ መንገሩን ግን አስታውሳለሁ፣ ጥፋቴም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳያውቅ የሚያጠፋ ሰው አለ። እኔ ተነግሮኝ ነው ያጠፋሁት፤ የነገረኝ ደግሞ የገዛ ልጄ፣ ያውም ገና የ10 ዓመት ልጅ ስለነበረ አልሰማሁትም።

ነገሩ የአንዲት እንሽላሊት ነገር ነው። ለንስሐ አባቴ ልናገር አስቤ ሁለት ልብ ሆኜ የተውኩት፣ «እንሽላሊት?» ብለው የሚያዩኝ መስሎኝ ነው። ምናልባትም አያዩኝም ነበር። ምናልባት የፈራሁት ከእንሽላሊቷ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ለአንባቢ መናገር ይቀላል፤ አንባቢ መልሶ አይጠይቅም።

ክሬስትድ ጌኮ ይሏታል። ከዓይኗ በላይ ጀምሮ ሽፋሽፍት የመሰለ ሹል ሹል ቆዳ እስከ ጀርባዋ ይወርዳል። ዛፍ ላይ የምትኖር የሌሊት ፍጥረት ናት፤ ቀን ተሸሽጋ ትተኛለች፣ ሲጨልም ትነሣና ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትዘላለች። የዓይን ቆብ ስለሌላት ዓይኗን በምላሷ ትልሳለች። አገሯ ኒው ካሌዶኒያ ነው፤ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ያለ የፈረንሳይ ግዛት፣ በዚያም የደቡቡ ጫካና አጠገቡ ያለችው የጥድ ደሴት። አልፎንስ ጊሽኖ የተባለ ፈረንሳዊ በ1866 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ካስተዋወቃት በኋላ ዘሯ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ መኖሯ እንደገና የተረጋገጠው በ1994 ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጡት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ፍራፍሬ ትበላለች፣ ነፍሳት ትበላለች፣ እርጥበት ትወዳለች። ከምንም በላይ ግን ሙቀት አትችልም። ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ባለው ውስጥ ደኅና ናት፤ ከ28 አልፎ ከሰነበተ ይጎዳታል።

ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ልጄ ግን ከሱቅ ሳንወጣ ያውቅ ነበር፤ ሻጩ የሰጠንን ወረቀት እዚያው ቆሞ አንብቦታል።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ፣ አምፖሉ አጠገብ፣ ማታ ማታ እንሽላሊቶች ይሰበሰቡ ነበር፤ መብራቱ የሚጠራውን ትንኝ እየጠበቁ። ጣራችን ቆርቆሮ ነበር፤ የቀኑን ሙቀት እኩለ ሌሊት ድረስ አይለቅም። እነሱ ግን እዚያው ነበሩ። ስለዚህ እንሽላሊት ሙቀት ይወዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁት አደግሁ። ያየሁት ውሸት አልነበረም። የእነዚያ እውነት ነበር፤ የዚህችኛዋ ግን አይደለም።

ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ስህተት ነው ብዬ ባለፍኩት። ነገር ግን ለምን ያን ያህል ግትር እንደሆንኩ ራሴን ስጠይቅ፣ መልሱ ከእንሽላሊቷ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ የቤታችን አንደበት ልጄ ነበር። ባንክ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። የኪራይ ውል ሲመጣ እሱ ያነባል። ከትምህርት ቤት የሚላከውን ደብዳቤም የሚያነብልኝ እሱ ነው፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ጭምር። ጎበዝ ልጅ ነው ይሉኛል ወዳጆቼ፣ እኔም አዎን እላለሁ። እኮራበት ነበር። አዎን፣ ግን ከኩራቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ስሙን ለማውጣት ጊዜ የወሰደብኝ። ልጄ በሁሉም ነገር እየቀደመኝ ነበር፣ እኔም ይህን አልወደድኩትም። አባት ሆኜ የምነግረው፣ እሱ የማያውቀው፣ ኮምፒውተር ከፍቶ የማያርመኝ አንድ ነገር ፈለግሁ። እንሽላሊቷን የገዛሁለት ስለለመነኝ ነው፤ እውነት ነው፣ ለምኖኛል። ግን እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስሟን እንኳ እሱ አላወጣም። እሱ ሌላ ስም ነበረው፤ እኔ «ድሬ» አልኳት፣ ድሬ ሆነች።

መስታወት ቤቷ ላይ የሙቀት አምፖል ስሰቅል ወረቀቱን ይዞ መጣ። «አባዬ፣ አምፖል አያስፈልጋትም ይላል። ሙቀት ያማታል ይላል» አለኝ።

«እኔ ከእንሽላሊት ጋር ነው ያደግሁት» አልኩት። «አንተ እንሽላሊት የት አይተህ ታውቃለህ?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሌላ ቀን የሚለጠፍ ቴርሞሜትር በራሱ ገንዘብ ገዝቶ መጣና መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ቁጥሩ በፋራናይት ነበር፤ አልገባኝም ልል እችላለሁ፣ ለረጅም ጊዜም ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ። ዳሩ ግን ቴርሞሜትሩ ቀለም ነበረው። አረንጓዴው ምን እንደሆነ፣ ቀዩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፋራናይት አያስፈልግም። የሚያበራው ቀዩ ነበር።

ደግሞ ሌላ አለ። የሌሊት ሥራ ስለምሠራ ጎሕ ሲቀድ ነው ቤት የምገባው፤ እሷ ልትተኛ ስትል። ያን ጊዜ አውጥቼ እጄ ላይ አስቀምጣታለሁ። ዝም ትላለች። ወደደችኝ አልኩ። በፍርሃት ደርቆ መቅረት የሚባል ነገር እንዳለ አላሰብኩም፤ ማሰብ አልፈለግሁም ቢባል ይሻላል፣ ምክንያቱም ያን ሰዓት የሚጠብቀኝ አንድ ፍጥረት ቤት ውስጥ መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ እንግዶች መጡ። ጠራራ ቀን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ላሳያቸው ስይዛት ጅራቷን ጥላ አመለጠችኝ። ጅራቱ ምንጣፉ ላይ ለብቻው ሲላወስ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም «አይዟችሁ፣ ይበቅላል፤ የእኛ አገሩ ይበቅላል» አልኩ። የዚህችኛዋ አይበቅልም። ጫካ ውስጥ ካሉት አዋቂዎቹ አብዛኞቹ ጅራት የላቸውም፤ አንዴ ከተጣለ አበቃ። ልጄ ይህንንም ያውቅ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ምንም አላለም። ዝምታውን ተስማማ ብዬ ቆጠርኩት።

ክረምቱ ወጥቶ የቨርጂኒያ በጋ ሲገባ እሷ ከቅርንጫፉ ወርዳ ውኃ ሳህኗ አጠገብ መዋል ጀመረች። ለሚስቴ «ተላመደች፣ መውረድ ጀመረች» ስላት ትዝ ይለኛል። የዛፍ እንስሳ መሬት ከወረደች ከላይ የሸሸችው ነገር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ የሌሊቱን እንቅልፍ ስተኛ፣ አምፖሉ እንደበራ፣ ልጄ አፏን ከፍታ አገኛት።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ቤቷ ላይ የሙቀት አምፖል ነበረ ወይ ብላ ጠየቀች። ገባኝ። እንግሊዝኛዬ ባንክ ውስጥ ይደናበራል እንጂ ለዚህ ያህል አያንስም ነበር። ልጄ ወደ እኔ አልዞረም። «አዎ፣ አናውቅም ነበር» አላት።

እሷም ረጋ ብላ አስረዳችው። ለብዙ ጊዜ ሙቀት ሲያቃጥላት እንደቆየ፣ ሰውነቷ ደርቆ እንዳለቀ፣ ይህ ማንኛውም መመሪያ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ «አሟት ነበር ትላለች፣ አባዬ። አንዳንዴ እንዲሁ ይታመማሉ ትላለች» አለኝ።

እንዲህ አላለችም።

ጥፋቴ የገባኝ እዚያ ነው፤ እንሽላሊቷ ስትሞት አይደለም። እሷ የሞተችው ማታ ነው፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ። ሐኪሟ ፊት ቆሜ ያየሁት ግን ለእኔ የሚዋሽ ልጅ ነው፤ በሁለት ቋንቋ፣ ወደ ሁለቱም ወገን። ለሐኪሟ ጥፋቴን ከእኔ ጋር ተካፈለው፣ ለእኔ ደግሞ ጨርሶ አነሣው። እውነቱን ነግሮኝ ሲያበቃ ምን እንደሆነ አይቷል፤ ወረቀቱን ያጠፈ ቀን አይቷል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዘ። ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፤ ይህን ያህል ቶሎ የመጣለት ልምድ ቢኖረው ነው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የባንኩን ሰው ንግግር፣ አለቃዬ ስልክ ደውሎ ያለኝን፣ ከዚያ በፊት ስንቱን እንዲህ አለስልሶ ሰጥቶኝ ይሆን?

እኔስ ምን አደረግሁ? «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኩት። ሒሳቡን ከፈልኩ። መኪና ውስጥ ራሱን ዳበስኩት፣ የማጽናናው እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። ከእንሽላሊቷ ይልቅ የሚከነክነኝ ይኸኛው ነው፤ ውሸቱ ገብቶኝ ሳለ እንደ ስጦታ ተቀበልኩት። አምፖሉን የሰቀልኩት ባለማወቅ ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ፣ ደካማ ክርክር ቢሆንም። ለዚህኛው ግን የማቀርበው ክርክር የለኝም።

ከርሞ ሌላ ልግዛልህ ብለው «ትምህርት ይበዛብኛል» አለኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። እንግሊዝኛው ያን ቀን ገብቶኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። አልነገርኩትም። የማልነግረው ለእሱ ብዬ ነው፣ ብነግረው ያፍራል እላለሁ አንዳንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ይህም ያው አምፖሉ ይመስለኛል፤ ለእሱ የሚበጀውን እኔ አውቃለሁ ማለት።

ባለፈው የገና ዕረፍት ሲመጣ ልነግረው ወስኜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አፌን ስከፍት የመኪናው ጎማ ነገር ወጣ፤ አልቋልና ሳትመለስ ቀይረው አልኩት። ቀድሞ ቀይሮት ነበር።