የመንዝ ደብሮች ክብረ በዓል፤ ገቢውና ወጪው

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ መንገደኛ ብርድና ገብስ ወደ ሠለጠኑበት ደጋ ይገባል። በዚያ ያሉት አጥቢያዎች ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን የታቦታቸው ንግሥ በደረሰ ጊዜ እንግዳውን ሳያበሉ አይሸኙም። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ድግስ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው ያውቃሉን?

ቀድሞ የሰሞን መሬት ላላት ቤተ ክርስቲያን መልሱ ቀላል ነበር። ገበሬው ግብሩን ለእርስዋ ያገባል፤ ከዚያው እህል ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል። ግብሩ ለከፋዩ ቀላል ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ይህ ገቢ ቀረ፤ በዓሉንም የየቤቱ ጎታ ተሸከመው። አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ማገዶ፣ በግ ያለውም በግ ያመጣል። በልግ በከዳበት ዓመት ጠላው ይቀጥናል፤ ሁሉ ካለው ስለ ሰጠ ግን የሚያፍር የለም።

ዛሬ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የሚኖሩ የአገሩ ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህማ መላኩ እጅግ ቀለለ። በዚህም ገንዘብ ድንኳን፣ የድምፅ ማጉያና ጄኔራተር ይከራያል። በዓሉ ደምቋል፤ ዳሩ ግን አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ወጪ ዝቅ ማለትን አያውቅም። ላኪው ባልላከበት ዓመት የኪራዩ ዕዳ የሚወድቀው እዚያው በቀረው ገበሬ ላይ ነው። ማጉያው የሚያገለግል አንድ ቀን፣ ጣራው የሚያፈስ ግን ክረምቱን ሁሉ ነው። ጥንት ጣራው የሚከደነው መንዞች በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ከነበረው ሜዳ በሚታጨድ የጓሳ ሣር ነበር፤ ቆርቆሮ ግን ያለ ብር አይገኝም። እኔስ ከማጉያው ቆርቆሮውን እመርጣለሁ።

በአንዲት ደብር ከንግሡ በኋላ በዋለው እሑድ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በጽድ ጥላ ቆሞ ሒሳቡን ለሕዝቡ ሲያነብ ሰማሁ። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ ከተቋቋመ ጀምሮ ይህን ማድረግ ይገባዋል፤ የሚያደርገው ግን ሁሉም አይደለም። ጸሐፊው ገንዘብ የላኩትን በየስማቸው ጠርቶ ሲጨርስ አንዲት እናት፣ «የእኔስ ብቅል?» አሉ። በመዝገቡ አልነበረም። ቄሰ ገበዙ፣ «ጻፈው እንጂ፣ ልጄ» አሉት። ከዚያ በኋላ ጌሾ ያመጣው፣ እንጨት የተሸከመው፣ ውኃ የቀዳችው እየተነሡ ያስጽፉ ጀመር፤ ጽሕፈቱም እስከ ሠርክ ቆየ።