«ፑት» እና ትናንሾቹ ተከታዮቿ

እንግሊዝኛን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር የኖርን ተማሪዎች፥ ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር እንታዘባለን። ይኸውም ረጃጅሞቹና ከባድ የሚመስሉት ቃላት ሲታዘዙልን፥ አጫጭሮቹና ሕፃን ልጅ የሚናገራቸው ቃላት አንታዘዝም ብለው ማስቸገራቸው ነው። ስለ ሼክስፒር ተውኔት ዐሥር ገጽ ጻፉ ብንባል አንሰንፍም፤ ዳሩ ግን ሁለት እንግሊዛውያን ሻይ እየጠጡ ሲጫወቱ ብንሰማ የጨዋታው እኩሌታ ያመልጠናል። የሚያመልጠንም ቃላቱን ስለማናውቃቸው አይደለም። እያንዳንዱን ለየብቻው እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ሁለቱ ተጋብተው ሁለቱንም የማይመስል ልጅ ይወልዱብናል።

ለምሳሌ ያህል «ፑት» የምትባለውን ግስ እንውሰድ። አስቀመጠ፥ አኖረ ማለት እንደ ሆነች ገና በታናሽነታችን ተምረናል። ይህችው ግስ «ኦን» የሚለውን ተውሳከ ግስ ስታስከትል ልብስ ለበሰ ማለት ትሆናለች። «ኦፍ» ሲከተላት ቀጠሮን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ፤ «አውት» ሲከተላት እሳት አጠፋ፤ «አዌይ» ሲከተላት ዕቃን ወደ ቦታው መለሰ፤ «ባይ» ሲከተላት ለክፉ ቀን ገንዘብ ቆጠበ፤ «አክሮስ» ሲከተላት ሐሳቡን ለሰሚው በሚገባ አስረዳ፤ «ስሩ» ሲከተላት በስልክ አገናኘ ማለት ትሆናለች። «ዳውን» የተከተላት እንደ ሆነ ደግሞ፥ እንደ ነገሩ ሁኔታ፥ ሸክምን መሬት አስቀመጠ፥ ዐመፅን ደመሰሰ፥ ወይም ሰውን በሰው ፊት አዋረደ ትላለች። ሁለት ተከታይ ይዛ «ፑት አፕ ዊዝ» ስትሆንማ፥ ከማስቀመጥ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላት ሁሉ፥ ታገሠ፥ ቻለ ማለት ሆና እናገኛታለን።

ይህ ነገር የሰዋስው ተማሪዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባልያዝንበት ነበር። ነገር ግን እንጀራን የሚነካበት ጊዜ አለ። በአንድ መኝታ ክፍል አብሮን ይኖር የነበረ ወዳጃችን፥ በዕረፍት ወራት ለሚሠራው ሥራ አመልክቶ የቃል ፈተና ቀን ተቈረጠለት። በዋዜማው አጭር መልእክት ደረሰው፤ መልእክቱም የነገው ፈተና «ፑት ኦፍ» ተደርጓል የሚል ብቻ ነበር። ወዳጃችን «ኦፍ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከመብራት ማጥፊያና ከራዲዮ ቍልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ጠፍቷል፥ ተሰርዟል ብሎ ሻንጣውን ዘግቶ አገር ቤት ገባ። አዲሱ ቀን በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ እርሱ አልነበረም፤ ሥራውንም ሌላ ሰው ወሰደው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንወዳለን። ይኸው ወዳጃችን «ፖስትፖን» የሚለውን ከላቲን የመጣ ቃል አሳምሮ ያውቃል፤ በድርሰቱም ውስጥ ብዙ ጊዜ ጽፎታል። መልእክቱን የጻፈው ሰው ረጅሙን ቃል ቢመርጥ ኖሮ ወዳጃችን ሥራውን ባላጣ ነበር። መልእክተኛው ምናልባት ነገሩን ማቅለሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ለባለቋንቋው የቀለለው ለእኛ ከበደ። የተማርነው እንግሊዝኛ የሳሎኑ እንግሊዝኛ ነው፤ ኑሮ የሚኖረው ግን በጓዳው እንግሊዝኛ ነው።

ሳሎኑና ጓዳው የተለያዩበትም ምክንያት አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፥ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ፥ ትምህርቱና ቤተ ክህነቱ በላቲን ሲሠሩ ለብዙ ጊዜ ኖረዋል፤ የመጻሕፍቱ ከባድ ቃላት በብዛት ከእነዚያ የመጡ ናቸው። ቤቱና እርሻው ግን የቀድሞውን ቋንቋ አልተወም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትንሹ ቃል ብዙ ጊዜ በግሱ ፊት ይጣበቅ ነበር፤ በኋላ ግን ከግሱ ኋላ እየተከተለ መሄድ ለመደ። የሁለቱም ልማድ ምልክት ዛሬ ድረስ ይታያል፤ «ኦቨርቴክ» ማለት ከኋላ መጥቶ ቀደመ ማለት ሲሆን፥ «ቴክ ኦቨር» ማለት ግን ሥልጣንን ወይም ሥራን ተረከበ ማለት ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ትርጓሜውን የለወጠው የመቀመጫቸው መለዋወጥ ነው።

ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፥ ለውጭ አገር ሰዎች ትልቁን ችግር የሚያመጣው ይህ የግስና የትንሽ ቃል መጣመር መሆኑን አስታውቋል። እነዚህን ጥምር ግሶች ዛሬ የሚጠሩበትን «ፍሬዘል ቨርብ» የሚል ስም ደግሞ በ1925 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ሲሆን፥ ስሙን የሰጠው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ብራድሊ ነው።

ሆኖም ነገሩ ፈጽሞ ሥርዐት የለውም ማለት አይደለም። «ኦፍ» በመሠረቱ መለየትንና መራቅን ያመለክታል፤ ቀጠሮን «ፑት ኦፍ» ማድረግም ከተቈረጠለት ቀን ነቅሎ ማራቅ ነው። «ኦን» መነካካትን ያሳያል፤ ልብስም ገላን ይነካል። «አፕ» ወደ ላይ ማለት ቢሆንም ብዙ ጊዜ መጨረስን ይገልጻል፤ «ድሪንክ አፕ» ማለት ጭልጥ አድርገህ ጠጣ ማለት ነው። ደግሞም ተሳቢው ተውላጠ ስም በሆነ ጊዜ በሁለቱ መካከል መግባት አለበት፤ «ፑት ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ አት ኢት» በሚለው ውስጥ ግን «አት» መስተዋድድ ስለ ሆነ ተውላጠ ስሙ ከኋላው ይቀራል። ይህን አንድ ፈተና የያዘ ሰው ተውሳከ ግሱን ከመስተዋድዱ ለመለየት ብዙ አይቸገርም።

ይልቁንም እኛን ያስደነቀን፥ ይህን ምሥጢር ከእናታችን ጓዳ ይዘነው የመጣን መሆናችን ነው። የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲጀምር «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ተብሎ ይነገረዋል። ጥቂት ቈይቶ «ቁጭ በል» ሲሉት፥ ምስኪኑ «ቁጭ» ብሎ ሊናገር ይቃጣዋል። ብድግ አለ፥ ዝም አለ፥ ፈገግ አለ፥ ጠጋ አለ፥ ራቅ አለ ስንል የሚናገር ሰው የለም፤ ግሱ ትርጓሜውን ለትንሹ ቃል አስረክቦ እርሱ ተሸካሚ ብቻ ሆኗል። «አለ»ን በ«አደረገ» ስንለውጥ ደግሞ ሥራው ወደ ሌላ ይሻገራል፤ ልጁ ብድግ አለ፥ አባቱ ልጁን ብድግ አደረገው። በሩን ከፈት አደረገው ስንል ጥቂት፥ ክፍት አደረገው ስንል ግን በአንድ ጊዜ መሆኑን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ያውቃል። ልዩነቱ የእኛ ትንሽ ቃል ከግሱ ሲቀድም የእንግሊዞቹ መከተሉ፥ ደግሞም «አፕ» ብቻውን ሲቆም ትርጓሜ ሲኖረው «ብድግ» ብቻውን ብዙም ፋይዳ የሌለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ካስተዋልን ሁለት ነገር ይገባናል። አንደኛው፥ «ቁጭ አለ»ን ስንማር ማንም «ቁጭ»ንና «አለ»ን ለየብቻ እንዳላስጠናን ሁሉ፥ «ፑት ኦፍ»ንም እንደ አንድ ቃል፥ ከነዐረፍተ ነገሩ መያዝ እንጂ በዝርዝር መሸምደድ እንደማይጠቅም ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ። ተማሪያቸው በአጭሩ ቃል ፊት ሲቆም ሰነፍ ነህ ከማለት ይልቅ፥ በገዛ ቋንቋው ይህን ሥራ በየቀኑ እንደሚሠራው ቢያሳዩት የሚፈራው ነገር ግማሹ ይቀልለታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እነዚህም ትናንሽ ቃላት ተባብረው ስንቱን ጎበዝ አስረውታል። የሚፈታው ግን አሁን ከያዝነው የበለጠ ረጅም ቃል አይደለም፤ ትንሿን ቃል ንቆ አለማለፍ ነው።